ቅቤ የበዛበት ማዕድና የኢንሱሊን ሰዓት

(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ስኳር በሽታ ነው። ይሁን እንጂ ስለ በሽታው ጠቅላላ ጠባይ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ከዚያ ሰፊ ርእስ አንዲት ክፍል ብቻ ነጥለን እንመለከታለን። ይህችውም፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቅቤና ጮማ የበዛበት ምግብ በሚበላበት ቀን መርፌውን መቼ መወጋት ይገባዋል? የምትለው ጥያቄ ናት። ጥያቄይቱ ስትታይ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ያልታሰበባት እንደ ሆነ ሰውን ከበዓል ማዕድ አንሥታ ወደ ሐኪም ቤት ልታደርስ የምትችል ናት።

ኢንሱሊን የማይወጋ ሰው ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሬዲዮውን እንዳይዘጋ ወይም ገጹን እንዳይገልጥ አደራ እንላለን። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጎረቤቱና በየዘመድ ቤት ይህን መድኃኒት የሚወጋ ሰው ይገኛል። ያን ሰው ለግብዣ የሚጠራው፣ ወጡን የሚጨምርለት፣ «በሞቴ» እያለ የሚያጎርሰው ጤነኛው ነው። ስለዚህ ነገሩን ጋባዡም ተጋባዡም ሊያውቁት ይገባል።

አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስብ። ይህን ንግግር የሚያቀርብላችሁ ሰው ሐኪም አይደለም። የመድኃኒቱን ልክ፣ ማለት ስንት ዩኒት መወጋት እንደሚገባ፣ የሚወስነው የየራሳችሁ ሐኪም ብቻ ነው። የእኛ ተግባር ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መግለጽና ለሐኪሙ ሊቀርብ የሚገባውን ጥያቄ ማመልከት ነው።

ኢንሱሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓመተ ምሕረት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬዴሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በተባሉ ሰዎች ሥራ ተገኘ። በጥር ወር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ በመጀመሪያ ተወግቶበት ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ያቆመበት ልጅ ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ዓመት ነበረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል። ዛሬ መድኃኒቱን ያገኘ ሰው የሚቀረው ብርቱ ነገር በልክና በሰዓቱ መወጋት ነው። የቅቤ ማዕድ የሚያስቸግረውም በዚህ በሰዓቱ ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በመጀመሪያ የኢንሱሊኖቹን ሰዓት እንይ። ሬጉላር የሚባለው፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለው ኢንሱሊን፣ ከተወጉት በኋላ ሥራውን የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ኀይሉ የሚበረታው በ2ኛውና በ4ኛው ሰዓት መካከል ሲሆን፣ ሥራው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይዘልቃል። ኤን ፒ ኤች የሚባለው፣ ደመና የመሰለው፣ ከዚህ የዘገየ ነው፤ ኀይሉ የሚበረታው ብዙ ሰዓት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ የግማሽ ቀን ያህል ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። 70/30 የሚባለው ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ከመቶ 70 እጁ የዘገየው፣ 30 እጁ ጥርት ያለው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ድብልቅ ጧትና ማታ ከምግብ በፊት ይወጉታል። ከ1996 ወዲህ ደግሞ ሊስፕሮና አስፓርት የመሳሰሉ ፈጣን ኢንሱሊኖች መጥተዋል። እነዚህ ሥራቸውን በሩብ ሰዓት ገደማ ይጀምራሉ፤ በ1ኛውና በ2ኛው ሰዓት መካከል ይበረታሉ፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜም ያልቃሉ።

እነሆ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ይህ ነው። የምግቡስ ሰዓት?

ሰው እንጀራ በምስር ወጥ፣ ቅባቱ ጥቂት ሆኖ፣ የበላ እንደ ሆነ የእንጀራው ስታርች በአንጀት ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ከፍ ይልና ቀስ በቀስ ይወርዳል። የኢንሱሊኑ ልክና ሰዓት በመጀመሪያ የሚታሰበው ለእንዲህ ያለው ምግብ ነው።

ያንኑ እንጀራ፣ መጠኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በነጠረ ቅቤ በተሠራ ዶሮ ወጥ ወይም በክትፎ የበላነው እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅባቱ ከጨጓራ ወደ አንጀት ሲደርስ፣ አንጀት «ቀስ በል» የሚል መልእክት ወደ ጨጓራ ይልካል። ጨጓራም የያዘውን ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል። ስለዚህ የእንጀራው ስኳር በለመደው ሰዓት አይደርስም፤ ይዘገያል። በዚህ ላይ፣ ከቅቤው የሚገኘው ቅባት በደም ውስጥ ሲበዛ ኢንሱሊኑ በሰውነት ላይ ያለውን ኀይል ያደክማል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቅቃል። የበዛ ሥጋ ደግሞ ከፊሉ በዝግታ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። እንግዲህ ቅቤው ራሱ ስኳር ባይሆንም፣ የስኳሩን መምጫ ሰዓት ያዘገያል፤ ቆይታውንም ያስረዝማል።

ይህ እውነት መሆኑን በሚገባ ያሳየ አንድ ምርመራ በ2013 ከቦስተን ከተማ ተገልጧል። ሐኪሞቹ የመጀመሪያው ዐይነት የስኳር በሽታ ላለባቸው 7 ሰዎች ሁለት ዐይነት እራት አበሉ። በሁለቱም እራት ውስጥ ያለው የስታርችና የስኳር መጠን እኩል ነበረ፤ የአንዱ ቅባት ግን 10 ግራም ሲሆን የሌላው 60 ግራም ነበረ። ቅባት ለበዛበት እራት ያስፈለገው ኢንሱሊን በአማካይ ከመቶ 42 እጅ ጨምሮ ተገኘ፤ እንዲያም ሆኖ የደማቸው ስኳር ቅባቱ ካነሰበት እራት በኋላ ከነበረው የበለጠ ከፍ ብሎ ቈየ። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው። ከቍጥሩ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ የመድኃኒቱ ጭማሪ ከሰው ሰው እጅግ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማንም ሰው ከመቶ 42 እጅ ጨምሬ ልወጋ ቢል ለአንዱ ያንሰዋል፤ ለሌላው ሕይወቱን እስከሚያሰጋ ይበዛበታል።

አሁን ሁለቱን ሰዓቶች አንድ ላይ እናድርጋቸው። እንግዳ ሊቀበል የተላከ ሰው ቀድሞ ደርሶ ጠብቆ ጠብቆ ቢሄድ፣ እንግዳው ደግሞ ከሄደ በኋላ ቢደርስ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ፈጣን ኢንሱሊንና የቅቤ ማዕድም እንዲሁ ናቸው። መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ስኳሩ ገና ከጨጓራ አልወጣም፤ ስለዚህ የደም ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስኳሩ በሚመጣበት ሰዓት ደግሞ መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፤ ስለዚህ ከልክ በላይ ይወጣል። በአንድ ማዕድ ሁለት ተቃራኒ አደጋ ይደርሳል።

የፋሲካን ሌሊት በምሳሌ እንውሰድ። ጾመኛው ለ55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተለይቶ ቈይቷል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በዶሮ ወጥ ይገድፋል። ፈጣን ኢንሱሊን ወግቶ ቢበላ፣ መድኃኒቱ የሚበረታው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰውዬው ደክሞት ተኝቷል። ስኳሩ ቢወርድ ላቡንና መንቀጥቀጡን ላያውቀው ይችላል። ይህን ቢያመልጥ ደግሞ ከነጋ በኋላ ጧት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ሲለካ ስኳሩ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ተደናግጦ ተጨማሪ መርፌ ይወጋል፤ የጧቱንም ይደግማል፤ ቀትር ላይ የሁለቱ መርፌ ኀይል ተደርቦ ይመጣበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እዚህ ላይ ነው።

ጧትና ማታ ድብልቁን የሚወጋ ሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚበላው ምግብ በመርፌው ሥርዐት ውስጥ ቦታ የለውም። በመካከሉ እንደ ፈቀደ ቢወጋበት የማታውና የጧቱ መርፌ ይጋጫሉ። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባለው የክትትል ቀጠሮ ለሐኪሙ «የፋሲካ ሌሊት የምበላው በዚህ ሰዓት ነውና ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በረመዳን የሚጾሙ እስላም ወገኖቻችንም ከጾሙ በፊት ይህንኑ ሊጠይቁ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ከተጾመ በኋላ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ሲበላ፣ ዘይቱም ሥራው እንደ ቅቤ ነውና። የጾም ምግብ ነው ተብሎ ዘይት የበዛበትን ወጥ ከቅባት ነጻ ማድረግ አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ የሚለያየው እንደምትወጉት የኢንሱሊን ዐይነት ነው።

አንደኛ፤ ፈጣኑን የሚወጉ ሰዎች። ለዘወትሩ ምግብ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀድመው እንዲወጉ የታዘዙ ቢሆኑ፣ ቅቤ ለበዛበት ማዕድ ይህ መቅደም ይጠቅም እንደ ሆነ ወይም ይጎዳ እንደ ሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አንዳንድ ሐኪሞች ልኩን ለሁለት ከፍለው፣ ከፊሉ በምግቡ መጀመሪያ፣ የቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ ቈይቶ እንዲወጋ ያዝዛሉ። በፓምፕ የሚወስዱት ደግሞ ከፊሉን ወዲያው፣ ከፊሉን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አከፋፍሎ የሚለቅቅ ሥርዐት በመሣሪያቸው ውስጥ አላቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ልኩ በሐኪም ሲወሰን ነው።

ሁለተኛ፤ ሬጉላሩን የሚወጉ። የዚህ ኢንሱሊን ሥራ ረዘም ስለሚል ከቅቤ ማዕድ ጋር ከፈጣኑ ይልቅ የሚስማማበት ጊዜ አለ። ዋናው አደጋው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተወግቶ ምግቡ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ስለዚህም ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛ፤ ድብልቁን የሚወጉ። እነዚህ የመርፌውን ሰዓት እንደ ምግቡ ሊያዘዋውሩት አይችሉም፤ ስለዚህ ማዕዱን እንደ መርፌው ማስተካከል ይገባቸዋል። በዓሉን ይተዉ ማለታችን አይደለም። እንጀራው በመጠን ይሁን፤ ወጡ ሲወጣ ከላይ የተንሳፈፈው ቅቤ ይገፋላቸው፤ ጎመንና ሰላጣ ይጨመርላቸው፤ ሥጋው ቀይ ሥጋ እንጂ ጮማ አይሁን። ከአንዱ ማዕድ ተነሥተው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሁለተኛው ግብዣ አይሂዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ለሦስቱም የሚሆን ምክር እንሰጣለን።

ከሁሉ በፊት፣ የተበላው ቅቤ ነው፤ ስኳሬም ከፍ ይላል ተብሎ በየሰዓቱ መርፌ አይደረብ። የፊተኛው መርፌ ገና በሰውነት ውስጥ እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ቢጨመርበት፣ የሁለቱ ኀይል ተደርቦ ስኳሩን ያዘቅጠዋል። ፈጣኑን የወጋ ሰው ሐኪም ካላዘዘው በቀር 4 ሰዓት ሳይሞላ እንደ ገና አይወጋ፤ ሬጉላሩን የወጋ ደግሞ ከዚህም በላይ ይታገሥ። በአንጻሩ፣ በዓል ነው ወይም አሞኛል ተብሎ ኢንሱሊንን ጨርሶ መተው ከዚህ የማያንስ አደጋ አለው፤ በተለይ የመጀመሪያው ዐይነት በሽታ ያለበት ሰው መርፌውን ቢተው ደሙ በአሲድ ተመርዞ ለሞት ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ምክር ስለ ግብዣ ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆንን ሰዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን። በመጥሪያ ወረቀቱ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። እንግዳው ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል፤ የክብር እንግዳው ይዘገያል፤ ንግግር ይደረጋል፤ የማዕዱ በር የሚከፈተው 3 ሰዓት ሲሆን ነው። ከቤቱ ወግቶ የወጣ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ያለ ምግብ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ለግብዣ የምትሄዱ ሰዎች መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ወግታችሁ አትሂዱ። ፈጣኑን ምግቡን በዐይናችሁ ስታዩ ተወጉት። ሬጉላሩን የምትወጉ ጋባዡን ቀስ ብላችሁ «ምግቡ በእውነት መቼ ይቀርባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ተወግታችሁ ምግቡ የዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ ሳታፍሩ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሙዝ አስመጡና ቅመሱ።

ሦስተኛው፣ ስኳር ሲወርድ የሚደረገው ነው። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረኃብና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። በመለኪያው ከ70 በታች የታየ ሰው ወዲያውኑ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ይኸውም ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚሆን በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ይጠጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ደግሞ ይለካ፤ ካልወጣለት ይድገመው። በዚህ ጊዜ የሚቀርብለት ቸኮላት ወይም ሌላ ጣፋጭ ምግብ ቅባት ያለበት ከሆነ አይረዳውም፤ ከላይ እንደ ገለጽነው ቅባት ስኳሩን ያዘገየዋልና። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይጨመር፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ስለ ጠጅና ስለ አረቄም አንድ ቃል እንጨምር። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅቅ ስለሚያግደው፣ የጠጣ ሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ቅቤው ወደ ላይ፣ ጠጁ ወደ ታች ሲጎትቱት የማዕዱ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ከዚህም በላይ ስኳሩ የወረደበት ሰው ሲንገዳገድና ሲኮላተፍ ሰካራም ይመስላል። በግብዣ ላይ ያሉት ሰዎች «ጠጁ ነው፤ ይተኛ ይበርድለታል» ብለው ቢያስተኙት በእንቅልፉ ሊያልፍ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ መሆኑን የምታውቁት ሰው እንዲህ ሲሆን ያያችሁ እንደ ሆነ፣ አስቀድማችሁ ስኳሩን ለኩ፤ መለኪያ ከሌለና መዋጥ የሚችል ከሆነ የተበጠበጠ ስኳር ስጡት።

የመጨረሻው ምክር ስለ መዝገብ ነው። የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋ የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ተለኩ አንልም። ዘወትር የምትመገቡትን አንድ የቅቤ ምግብ፣ ለምሳሌ የእሑድ ቀን ዶሮ ወጥ፣ ምረጡ። እንጀራው ሁልጊዜ አንድ መጠን ይሁን። ከመብላታችሁ በፊት፣ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ከ4 ሰዓት በኋላና ከ6 ሰዓት በኋላ ተለክታችሁ ቍጥሩን ከመርፌው ልክና ሰዓት ጋር በደብተር ጻፉ። ይህን በሁለት ወይም በሦስት እሑድ ደጋግማችሁ ደብተሩን ለሐኪሙ አቅርቡ። ሐኪሙ «ስኳሬ አንዳንድ ጊዜ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ይወርዳል» ከሚል ቃል ብዙ ሊረዳ አይችልም። በ2ኛው ሰዓት 80፣ በ6ኛው ሰዓት 260 የሚል ጽሑፍ ሲያይ ግን ችግሩ የልክ ሳይሆን የሰዓት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። እኛ የቢሮ ሰዎች ያለ መዝገብ ጉዳይ እንደማይፈጸም ጠንቅቀን እናውቃለን፤ ለሌላው ሰው ጉዳይ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለገዛ ደማችን ልንነፍገው አይገባም።

በበዓል ቤታችሁን የምትከፍቱ ጋባዦችም ሆይ፤ ለእንግዳችሁ ያላችሁን ፍቅር በወጡ ብዛት ብቻ አትለኩት። ምግቡ የሚቀርብበትን ትክክለኛ ሰዓት ንገሩት። መርፌውን የሚወጋበት ንጹሕና የተከለለ ቦታ አሳዩት። በቃኝ ሲል ደግማችሁ አታጎርሱት። ስኳር የተጨመረበት ውሃ የፈለገ እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ፈጥናችሁ አቅርቡለት። እንግዳው ከበላ በኋላ በሰላም ቤቱ ገብቶ፣ በሰላም አድሮ፣ በማግስቱ ከሥራ ገበታው ላይ ሲገኝ ግብዣችሁ ያን ጊዜ ሠመረ ይባላል።